ሲሶ

ሐሙስ ማታ፣ ከቤርሼባ የመጣው ባቡር
ልጄን ቅርያት ጋት ጥሏት ሄደ፣ ሻንጣዋ ሙሉ ደብተር።
ኒሲም ሒሳቡን ዘግቶ፣ ቁልፉን ለእኔ ትቶ ከሄደ ቆየ፤
ኦሪያ ከጋራዡ ደጃፍ፣ «አባ፣ ጉድ ላሳይህ፣ ያልታየ።»

ሳንቃ አጋደመች፣ አንዱን ጫፍ አሮጌ ጎማ ላይ፤
ሦስት ነገር አሰለፈች ከላይ፦
የኩሽኔታ ብረት ኳስ፣
ከሞተር የወጣ ድፍን ሲሊንደር፣
አንድም ቀለበት፣ መሀሉ ነፋስ።

«ማን ይቀድማል?»
«ከባዱ ነዋ!» አልኳት።
ሳቀች፣ የእናቷን ሳቅ። ለቀቀቻቸው።
ኳሱ ቀደመ። ድፍኑ ተከተለው። ቀለበቱ
እንደ ደጅ ጠኚ እያመነታ መጣ፣ ካለፈ ሰዓቱ።
ትልቁን በትንሽ፣ ከባዱን በቀላል ለዋወጥን፣ ሦስቴ፣ አራቴ፤
ያው ነው። ኳስ ፊት፣ ቀለበት ኋላ። አልዋሸኝም ዓይኔ፣ በሞቴ።

«ክብደቱ አይደለም፣ አባ፤ የት እንዳኖረው ነው ነገሩ።
ኳሱ ያለውን ከእምብርቱ ዙሪያ አከማችቷል፣ ቀለለው መዞሩ፤
የሚከፍለው ሁለት አምስተኛ፤
ድፍኑ ሲሊንደር እኩሌታ፤
ቀለበት ግን ሀብቱን ሁሉ ዳር አስቀምጦ
ሙሉውን ይከፍላል፣ ያለ አንዲት ይቅርታ።
ርቀት ደግሞ ራሱን በራሱ ያባዛል፤
እጥፍ ብትርቅ፣ ዕዳህ አራት እጥፍ ይበዛል።»

ስሙ ኢነርሺያ ነው አለችኝ።
እኔ እልህ ብዬ ተረጎምኩት፤
የቆመው አልነሣም፣ የተነሣው አልቆምም የሚልበት።

ደብተሩን ባላውቅም እጄ ያውቀዋል።
ሃያ ሁለት ዓመት ጎሚስታ ነኝ።
አምስት ግራም እርሳስ ከቸርኬው ጠርዝ ስለጥፍ
መሪው የሚንቀጠቀጥበት ሰው ያርፋል፤
ያችኑ እርሳስ እምብርቱ ዘንድ ብለጥፋት ማን ያውቃታል?
በሬዲዮ እኛን «ፔሪፌርያ» ይሉናል።
ዳር ማለት ነው።
ዳር ላይ ትንሽ ነገር ትጮኻለች፣ ይህን አልነገሯቸውም።

መጥረጊያውን አነሣች። እንጨቱን ነቀለች።
መሀሉን ይዛ አሽከረከረችው፤ «ከአሥራ ሁለት አንድ» አለች።
ጫፉን ይዛ ደግማ አዞረችው። ትከሻዋ ተሳበ።
«ሽሊሽ» አለች በዕብራይስጥ፤ ልቤ ተረበሸ፣ ወዲያ ሰገበ።
ሲሶ ማለቷ ነው።

የአባቴን ስም ታውቃለች እንጂ ሲሶን አታውቅም።
ደምቢያ፣ ርስት የሌለው ሰው፣ የሌላውን መሬት አርሶ
ለባለርስቱ በቁና ሰፍሮ ያስረክባል ሲሶ፤
ማታ ማታ ደግሞ ለዚያው ሰውዬ ማረሻ ይቀጠቅጣል።
መሬትን በጫፏ ይዞ ኖረ።
መሀሏን የያዙት በአንድ እጃቸው ያሽከረክሯት ነበረ።

«ዛቢያው ከመሀል ቢነሣስ?» አልኳት፣ ሌላ እንዳታይብኝ።
«ፎርሙላ አለው» አለች፣ ፊቷ እየበራ።
«የራቀበት ርቀት በራሱ ይባዛል፣ በክብደቱ ይባዛል፣ ይደመራል።
የቀድሞውም አይጠፋም፣ አባ። በዚያ ላይ ነው የሚደመረው።»
ይህንን እንኳ እኔ ላስተምራት ይገባኝ ነበር።

ቁልፉን አወጣሁ። መሸ። እሷ ግን አልጨረሰችም።
«እኩል ፍጥነት ይዘው ዳገት ቢጀምሩ ግን
ኳሱ ቶሎ ይቆማል። ድፍኑ ትንሽ ይሻላል።
ርቆ የሚወጣው ቀለበቱ ነው።»
«ደሞ ለምን?»
«መዞሩን በቀላሉ አይተውማ!»

አላመንኳትም።
ቀለበቱን ይዤ ወጣሁ፤ ወደ ጣቢያው የሚወጣው መንገድ ባዶ ነው፣
አንድ ድመት፣ አንድ መብራት፣ የተዘጋ የሎተሪ ኪዮስክ።
በመዳፌ ገፋሁት፣ በሃያ ሁለት ዓመት እጄ።
ድመቷን አለፈ። መብራቱ ሥር ብልጭ አለ።
ኦሪያ እየሮጠች፣ ጫማዋ በእጇ፣ እየቆጠረች በዕብራይስጥ፣
እኔ ከኋላዋ በአማርኛ፣ ቁጥሩ እየጠፋኝ፣
ኪዮስኩ ዘንድ ዘመም አለ፣ ተወላገደ፣
ገና አልወደቀም።